የታችኛው ማሳ

ባሕር ዳር ሆስፒታል፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በመስኮቱ ስባሪ ጣና ቁልቁል ሲታይ፣
አንጓች ተኝታለች። ካልጋዋ እግር በታች
አንዲት ከረጢት አለች፣
ቀይ ሥር እንደፈላበት ውኃ የቀላች።

ጠጠር ነው ያወጡት፣ ከግራ ኩላሊቷ፤
በአንዲት ጠባብ ሽንቁር፣ ከጎኗ፣ ከወገቧ።
አሥር ቀን ደህና ነበር። ቤት ገብታ፣ ጎመን ዘርታ፤
በአሥራ አንደኛው ሌሊት ጠራችኝ ተጣርታ፦
"ያየህ፣ መብራት አምጣ!"
ባመጣ፣
ቀይ ነው የሚወጣ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ብቻ መስሎኝ፤
ደምም እንደዚያ ነው። ያን ሌሊት ገባኝ።

እኔ የውኃ አባት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ
ከጣና በሞተር ስበው ሽንኩርት ለሚተክሉ
ቦይ የማካፍል፣ ተራ የምቆጥር፣
ሌሊት በባትሪ ዳር ዳሩን የምዞር።
ቦይ ሲናድ ድምፁን ተኝቼም እሰማለሁ፤
ዝም ያለ ድምፅ ነው። በዝምታው እነቃለሁ።

ዶክተር እንዳላማው ወረቀት ላይ ሣለልኝ፦
"ጠጠሩ ሲወጣ ደም ሥር ተነክቷል" አለኝ፤
"ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ተወጥሯል።
ጎኗን ዳግም ብንከፍት ኩላሊቷ ይሄዳል፤
በውስጥ መንገድ ብንደርስ ምናልባት ይተርፋል።"

"በየት በር ትገባለህ?"
የእጇን አንጓ ነክቶ "በዚች" አለኝ ሐኪሙ።
አንጓች በአንጓዋ ልትድን! እዩት ይኼን፣ ከስሙ።

ከመስታወቱ ጀርባ፣ ያን ከባድ ሰደርያ
የለበሰ ልጅ መጥቶ አስጠጋኝ ወደዚያ።
ሽቦው ከእጇ ገባ፣ እንደ መረብ ክር ቀጥኖ፤
ብብቷን አልፎ ወረደ፣ ልቧን ሳይነካ፣ ታምኖ።
በቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር ቀለም ፈሰሰ፤
ከግንዱ ተነሥቶ ቅርንጫፍ ደረሰ፤
አንዷ ቅርንጫፍ ግን ዳር ላይ ተነድላ
ቀለሙን ስትተፋ፣ ኩሬ ሠርታ ሌላ፣
"አወቅኋት!" አልሁ ጮኼ። ልጁ ዞሮ አየኝ።
እሷን ቦይ አውቃታለሁ፤ ስንቴ አስመሸችኝ።

ከመፈረሜ በፊት ነግሮኝ ነበር፦
"ይህቺን ስንዘጋት ከሥሯ ያለው ይደርቃል፤
ከኩላሊቷ አንድ ጥግ፣ የአውራ ጣት ያህል፣ ይሞታል።"

ዓመቱን አልጠራም። የበጋ ሌሊት ነው።
ላይኛው ቦይ ተንዶ ሠፈሩን ሊያሰጥመው፣
ደርሼ ደፈንሁት፣ በጆንያ፣ በአፈር፤
ሠላሳ አባወራ ዳነ።
የእቴ ጥጊቱ ማሳ ግን ታች ነበር።
ቃሪያዋ ቆሞ ደረቀ። በሦስተኛው ሳምንት፣
ሳትሰድበኝ፣ ሳትከስ፣ ሳትል አንዲት ክፋት፣
የደረቀውን ቃሪያ ይዛ መጥታ ከደጄ
አኖረችው።
አነሣሁት።
እስከ ዛሬ ይፋጃል እጄ።

ይህን ሳስብ ነው ጥቅሉ የወጣው ከቱቦው፣
ከፀጉር የሳሳ ሽቦ፣ ራሱን የሚጠመጥመው።
አንድ።
ሁለት።
ሐኪሙ ትንፋሽ ወስዶ ሦስተኛውን ጨመረ።
ቀለሙ እንደገና መጣ፤ ከደፉ ጋ ደረሰ፤ አደረ።

በማግስቱ ከረጢቷ የገለባ መልክ ያዘች።
ቢላ የለ፣ ስፌት የለ፤ በአንጓዋ ላይ አንዲት ፋሻ አለች።

"የደረቀ አለ?" አለችኝ። "ጥግ ላይ፣ ትንሽ" አልኋት።
ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ቆየች።
"ጥጊቱስ?
ያ ቦይ ከተደፈነ ሌላ አልቆፈርህላት?"

አልቆፈርሁም።

ከመስኮቱ ማዶ፣ ሞተር ውኃ ሲስብ፣
ድምፁን እየሰማሁ፣ መሬቱን ሳስብ፣
ከዋናው ቦይ እስከ እሷ፦
ሰባ ክንድ ነው፣ ቢበዛ፤
አንድ ሰው፣ አንድ ዶማ ይዞ፣
ሦስት ቀን ቢወዛ።